ሚዛኑም ይመዘን፤ ስለ አማካይ ነጥብና ስለ ኮሌጅ መግቢያ

በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ የከፍተኛ ትምህርት ዕድል ለማን እንደሚደርስ የሚወሰነው በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ብቻ አይደለም። አንድ ተማሪ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያካበተው ዕውቀት ወደ አንድ አኀዝ ተለውጦ፣ ያ አኀዝ ደግሞ ከመቁረጫ ነጥብ ፊት ቀርቦ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» በሚባልበት ጊዜም ይወሰናል። ይህ አኀዝ በመላ ሀገሪቱ የሠራተኛውን፣ የገበሬውንና የቀበሌውን ነዋሪ ቤት ሁሉ የሚያንኳኳ ነው። ውጤት በሚወጣበት ሰሞን በየመንደሩ የሚሰማው እልልታም ሆነ የሚታየው ዝምታ ለዚህ ምስክር ነው።

ይሁንና አኀዙን በጉጉት የሚጠብቀው ሰው ብዙ ሲሆን አኀዙ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ማርኩ ወደ ፊደል፣ ፊደሉ ወደ ነጥብ፣ ነጥቡ ወደ አማካይ የሚለወጥበት መንገድ የባለሙያዎች ምስጢር መስሎ ኖሯል። በእኛ እምነት ይህ ምስጢር አይደለም፤ ሊሆንም አይገባም። የልጁን ዕጣ የሚወስነውን ስሌት የማያውቅ ወላጅ፣ የደመወዙን አሠራር እንደማያውቅ ወዛደር ነው፤ ሲጎድልበት አይጠይቅም፣ ሲሞላለትም ምክንያቱን አይረዳም። ስለሆነም ዛሬ የምንመረምረው ይህንኑ ሚዛን ነው።

በቅድሚያ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶችን ለይቶ ማየት ያሻል። አንደኛው «ቁጥር አይዋሽም» ብሎ ለነጥብ የሚሰግደው ነው። ይህ አመለካከት ነጥቡን የተማሪው ማንነት የመጨረሻ ፍርድ አድርጎ ይወስዳል። ሁለተኛው በተቃራኒው «ፈተና ሁሉ ግፍ ነው፣ ሚዛን ሁሉ ይሰበር» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ሚዛኑን ያመልካል፤ ሁለተኛው ሚዛኑን ይሰብርና ቦታውን ለዘመድ አዝማድ፣ ለእጅ መንሻና ለአማላጅ ይለቃል። ሚዛን በሌለበት ገበያ የሚያተርፈው ጉልበተኛ ነጋዴ መሆኑን ሰፊው ሕዝብ ከማንም በላይ ያውቃል። ትክክለኛው አቋም ሚዛኑን ጠብቆ ሚዛኑንም ራሱን መመዘን ነው።

ቁናውና ሰፋሪው

የገጠሩ ሕዝባችን እህሉን በቁና ሲሰፍር ኖሯል። ነገር ግን የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና እኩል እንዳልነበረ አባቶችና እናቶች ያስታውሳሉ። በሰፊው ቁና ሰፍሮ የሚቀበል፣ በጠባቡ ሰፍሮ የሚያበድር አራጣ አበዳሪ «ቁና ቁና ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ስሙ አንድ ነው፤ ይዘቱ ግን ይለያያል። የትምህርት ነጥብም እንዲሁ ቅርጽና ይዘት አለው። ቅርጹ አኀዝ ነው። ይዘቱ ደግሞ የተፈተነው ትምህርት፣ ፈተናውን ያወጣው ወገን፣ ለፊደሉ የተሰጠው ወሰንና ነጥቡ የተደመረበት ደንብ ነው።

ይህን በተጨባጭ ለማየት ወደ ታሪኩ መለስ እንበል። ዛሬ ዓለም በሙሉ የለመደው የፊደል ውጤት ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 በአሜሪካ የሚገኘው ማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ የተማሪዎቹን ማርክ በፊደል ሲከፋፍል 95ና ከዚያ በላይ «ኤ»፣ ከ85 እስከ 94 «ቢ»፣ ከ76 እስከ 84 «ሲ» ተባለ። ልክ 75 ያመጣ «ዲ» አግኝቶ ለጥቂት ያልፋል፤ ከ75 በታች ያመጣ ይወድቃል። በሀገራችን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚሠሩበት ሠንጠረዥ ግን ያው 75 «ቢ ፕላስ» ነው። እንግዲህ 75 ምን ማለት ነው? በአንዱ ቁና የመውደቂያ አፋፍ፣ በሌላው ቁና የደህና ተማሪ ምልክት ነው። አኀዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰፋሪው ነው።

ፊደሉ በተራው ወደ ነጥብ ይለወጣል። በተለመደው ስሌት «ኤ» 4፣ «ቢ» 3፣ «ሲ» 2፣ «ዲ» 1፣ «ኤፍ» ደግሞ 0 ነው። ነጥቦቹ ተደምረው ለትምህርቶቹ ብዛት ሲካፈሉ አማካይ ነጥብ፣ በተለምዶ «ጂፒኤ» የሚባለው ይገኛል። በሀገራችን ሕዝቡ «ማትሪክ» እያለ በሚጠራው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ዘመን፣ ኋላም ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በተሰጠው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተማሪው ካርድ ላይ የተጻፈው ፊደል ነበር። ዛሬ በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ የማታ ትምህርት ለመቀጠል የሚያስቡ ብዙ ሠራተኞች በእጃቸው ያለው የምስክር ወረቀት ይኸው ነው።

ብልጫው እንዴት ይገለበጣል?

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ትምህርት ቤት ከ90 ጀምሮ «ኤ»፣ ከ80 ጀምሮ «ቢ»፣ ከ70 ጀምሮ «ሲ» ይሰጣል እንበል። ሁለት ተማሪዎች በአምስት ትምህርቶች ይፈተናሉ። የመጀመሪያው 90፣ 90፣ 70፣ 70ና 70 ያገኛል። ድምሩ 390፣ አማካዩ 78 ከመቶ ነው። ሁለተኛዋ 89፣ 89፣ 79፣ 79ና 79 ታገኛለች። ድምሩ 415፣ አማካዩ 83 ከመቶ ነው። የትኛው ተማሪ ይበልጣል? ማርኩን ለሚያይ ሰው መልሱ አያሻማም፤ ሁለተኛዋ በአምስት ነጥብ ትበልጣለች።

ማርኩ ወደ ፊደል ሲለወጥስ? የመጀመሪያው ሁለት «ኤ»ና ሦስት «ሲ» ያገኛል፤ ነጥቡ 14፣ አማካዩ 2.8 ይሆናል። ሁለተኛዋ ሁለት «ቢ»ና ሦስት «ሲ» ታገኛለች፤ ነጥቧ 12፣ አማካይዋ 2.4 ይሆናል። መግቢያው 2.5 ቢሆን አነስተኛ ማርክ ያለው ይገባል፤ ከፍተኛ ማርክ ያላት በር ላይ ትቀራለች። እዚህ ላይ ማንም አላጭበረበረም። መምህሩ በትክክል አርሟል፣ መዝጋቢውም በትክክል ደምሯል። ሆኖም ውጤቱ ተገልብጧል። ምክንያቱም ፊደሉ በ80ና በ89 መካከል ያለውን ዘጠኝ ነጥብ ሁሉ ውጦ አንድ ያደርጋል፤ በ89ና በ90 መካከል ያለውን አንድ ነጥብ ግን አጉልቶ ገደል ያደርገዋል።

በየጥናት ክበቡ መጠን ወደ ዓይነት ስለሚለወጥበት ሕግ ሲወሳ የውኃ ምሳሌ ይቀርብ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። ውኃ ዲግሪ በዲግሪ ይሞቃል፤ 100 ሲደርስ ግን ይፈላል፣ ወደ እንፋሎትም ይለወጣል። ይህ በተፈጥሮ ውስጥ ያለ እውነተኛ ለውጥ ነው። በ89ና በ90 ማርክ መካከል ግን እንዲህ ያለ ለውጥ የለም። 89 ያመጣች ተማሪ 90 ካመጣው ዕውቀቷ በዓይነት አይለይም። ወሰኑን ያበጀው የሰው ደንብ እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። ከዚህም በላይ ውኃው ራሱ በሁሉም ቦታ በ100 አይፈላም። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተሠራችው አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የተፈጥሮ ሕግ እንኳ ቦታንና ሁኔታን የሚያገናዝብ ከሆነ፣ ሰው ያወጣው የነጥብ ወሰን ከተጨባጭ ሁኔታ ተነጥሎ ሊታይ የሚችልበት ምክንያት የለም።

የክብደት ጉዳይ

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ሁሉም ትምህርት በእኩል እንደማይመዘን ነው። በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዱ ትምህርት «ክሬዲት» የሚባል ክብደት አለው። ለምሳሌ በሦስት ክሬዲት «ኤ»፣ በአራት ክሬዲት «ቢ»፣ በሁለት ክሬዲት «ሲ» ያገኘ ተማሪ 12፣ 12ና 4፣ በጠቅላላው 28 ነጥብ አለው። ይህ ለ9 ክሬዲት ሲካፈል 3.11 ይሆናል። ክብደቱ ባይታሰብ ኖሮ ግን አማካዩ 3.00 ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ «የትኛው ትምህርት ምን ያህል ይከብዳል?» የሚለው ጥያቄ የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የአመለካከት ጥያቄም ነው። ክብደት የሚሰጠው ሰው የሚያከብረውን ነገር እየተናገረ ነውና።

ይህ ጉዳይ በውጭ ሀገርም መደባዊ ገጽታውን ሳይደብቅ ይታያል። በአሜሪካ በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በላቀ ደረጃ ለሚሰጡ ትምህርቶች ተጨማሪ ነጥብ ይታሰባል፤ በነዚህ ትምህርቶች «ኤ» ያገኘ 4 ሳይሆን 5 ይቆጠርለታል። ነገሩ ትጋትን የሚሸልም ይመስላል። ነገር ግን ትምህርቶቹ በማን ትምህርት ቤት ይሰጣሉ? በቂ መምህርና ገንዘብ ባለው ሰፈር በብዛት፣ በድሃው ሰፈር ደግሞ በጥቂቱ ወይም ጨርሶ አይሰጡም። በድሃው ሰፈር ሁሉንም «ኤ» ያመጣ ልጅ በ4.0 ሲገታ የባለጸጋው ሰፈር ልጅ ከዚያ በላይ ይወጣል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይህ ተጨማሪ ነጥብ ከስምንት ሴሚስተር ውጤት በላይ እንዳይታሰብ ወሰን ማበጀቱ አንድ ነገር ያስገነዝባል። ደንብ የሰው ሥራ ነው፤ ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ሊያርመው ይችላል።

ጉዳዩ ለውጭ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ልጆቻችን በስኮላርሺፕም ሆነ በሌላ መንገድ ወደ ውጭ ለመማር ሲያመለክቱ ማርካቸው እንደገና በባዕድ ቁና ይሰፈራል። በጀርመን የተለመደውን ስሌት እንመልከት። ከከፍተኛው ማርክ ላይ የተማሪው ማርክ ይቀነሳል። ቀሪው ከከፍተኛው ማርክ እስከ ማለፊያው ድረስ ላለው ልዩነት ይካፈላል። ያ በ3 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል። በዚያ ሀገር 1 ከሁሉ የላቀ፣ 4 ደግሞ የመጨረሻው ማለፊያ ነው። ከ100 ውስጥ 80 ያመጣ ልጅ ማለፊያው 50 ከሆነ 2.2 ያገኛል። ማለፊያው 40 ተብሎ ከተጻፈ ግን ያው 80 ወደ 2.0 ይሻሻላል። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ በሚሰጠው ትራንስክሪፕት ላይ የማለፊያውን ማርክና የፊደሉን ወሰን በግልጽ ካላሰፈረ፣ ልጁ ያልሠራውን ጥፋት ዕዳ ሊከፍል ይችላል ማለት ነው።

ከአኀዙ ጀርባ ያለው ሐቅ

በሀገራችን ዛሬ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚታየው የ12ኛ ክፍል ፈተና የመቶኛ ውጤት እንጂ ፊደል አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ በቀጥታ እንዲገባ ተደንግጓል፤ ከወሰኑ በታች ከሆኑት የተወሰኑት ደግሞ በአቅም ማሻሻያ፣ «ሬሜዲያል» በሚባለው ትምህርት አልፈው እንዲሞክሩ ተደርጓል። ፈተናውን በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መስጠት ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመግታት የተወሰደ እርምጃ ነው። ይህን እርምጃ የላቡን ዋጋ የሚፈልግ ማንኛውም ሠራተኛ ይደግፈዋል። ኩረጃ ያለ ላብ የተገኘ ነጥብ ነው፤ የሚቀማውም የባለላቡን ቦታ ነው።

ታዲያ ሚዛኑ ሲስተካከል ምን ታየ? በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹን ማርክ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህ 42.8 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ነጥብን የሚያመልከው ወገን «ልጆቹ ሰነፎች ናቸው» ብሎ ይደመድማል። እኛ ግን እንጠይቃለን። በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ቢወድቅ ስንፍና ሊባል ይችላል፤ ከ1,300 በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን ሰነፉን? አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ስለ ተማሪው ሳይሆን ስለ ራሱ እየመሰከረ ነው። ቤተ ሙከራ ስለሌለው የኬሚስትሪ ክፍል፣ መጽሐፍ ለብዙ ስለሚካፈልበት ዴስክ፣ የሒሳብ መምህር ሳይመደብ ስላለፈ ወራት ይመሰክራል። አኀዙ የሚጠቅመው ይህን ምስክርነት ለሚሰማ ጆሮ ነው። የሙቀት መለኪያ በሽታን ያሳያል እንጂ አያድንም፤ በሽታውን ስላሳየም አይሰበርም።

ከዚሁ ጋር የማርክ ልግስና የሚባለውንም በሽታ ሳንጠቅስ አናልፍም። አንዳንድ ትምህርት ቤት ስሙን ለማስጠራት ወይም ክፍያ የሚከፍለውን ወላጅ ለማስደሰት በካርዱ ላይ ዘጠናዎችን ይደረድራል። ወላጅ ካርዱን አይቶ ይደሰታል፤ ልጁ ግን ከብሔራዊው ፈተና ፊት ሲቀርብ ግማሹን ማርክ ያጣል። ይህ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ነው። የተጋነነ ማርክ ልጁን ይጎዳዋል፤ ማርክ በንፉግነት ከሚሰጥ ታማኝ ትምህርት ቤት የመጣውን የሌላውን ልጅ ደግሞ ይበድለዋል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና ትምህርት ቤቱም አንድ ቀን በራሱ ቁና ይሰፈራል።

ከሕዝቡ ምን ይጠበቃል?

የኢትዮጵያ ሕዝብ ስለ ትምህርት ዕድል ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1966 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» በመባል የሚታወቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ይፋ ሲሆን፣ የድሃው ልጅ በጥቂት ዓመት ትምህርት ተወስኖ እንዳይቀር የፈሩ መምህራንና ወላጆች ድምፃቸውን አሰምተዋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ አዛውንትና እናቶች ፊደል ቆጥረዋል። ያ ትውልድ ፊደልን የማንበብ መብቱን አረጋግጧል። ለዛሬው ትውልድ የቀረበው ሁለተኛ የማንበብ ትምህርት አኀዝን ማንበብ፣ የልጁን ውጤት ከነስሌቱ መረዳት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ከማማረርም መረዳት ይቅደም።

ስለሆነም የቀበሌ ነዋሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራት አባላትና በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረቶች የሚከተሉትን በተግባር ሊያውሉ ይገባል እንላለን።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤቱ የሚሠራበት የውጤት ወሰን፣ የማለፊያ ማርክና የአማካይ ስሌት ደንብ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ በግልጽ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ደንብ ከውጤት በፊት እንጂ ከውጤት በኋላ አይነገርም።

ሁለተኛ፣ በምስክር ወረቀትና በትራንስክሪፕት ላይ ፊደሉ ብቻውን አይጻፍ፤ ማርኩም አብሮት ይስፈር። 89ና 80 አንድ ፊደል ለብሰው ቢወጡም ልዩነታቸው ከወረቀቱ ላይ ሊጠፋ አይገባውም።

ሦስተኛ፣ በትምህርት ቤቱ ካርድና በብሔራዊው ፈተና መካከል ያለው ልዩነት በየዓመቱ በወላጆች ስብሰባ ላይ ይቅረብ። ልዩነቱ የሰፋበት ትምህርት ቤት ምክንያቱን ያስረዳ።

አራተኛ፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ወይም ጥቂት ብቻ ያሳለፈ ትምህርት ቤት ያለበት ቀበሌ ውጤቱን እንደ ኀዘን መርዶ ሰምቶ አይበተን። ስንት መጽሐፍ፣ ስንት መምህር፣ ስንት የሥራ ቀን እንደጎደለ ቆጥሮ ይጠይቅ። አቅም ያላቸው ሠራተኞችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በክረምትና በማታ የማጠናከሪያ ትምህርት እንዲሰጡ፣ የቀበሌው አዳራሽም ለንባብ እንዲከፈት ያድርግ።

አምስተኛ፣ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች ዝቅ ያለ መግቢያ ነጥብ ሲወሰን «አድልዎ ነው» የሚለውን ጩኸት በማስተዋል እንመርምረው። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ በኩራዝ ያጠናች ልጅ ያመጣችው 50 ምንም ሳይጎድልበት ካጠናው ልጅ 50 ጋር በአኀዝ እንጂ በድካም እኩል አይደለም። ነገር ግን የመግቢያው መቀነስ መድኃኒት ሳይሆን ምርኩዝ ነው። ምርኩዙ የማያስፈልግበትን ቀን ለማቅረብ ድካሙን ራሱን ማስወገድ፣ ይኸውም ውኃውን፣ መብራቱንና መጽሐፉን ማድረስ ግዴታ ነው።

በመጨረሻም፣ ነጥብ አንድ ተማሪ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ፈተና፣ በአንድ ደንብ የተመዘነበት ምልክት ነው። የሰውየው ልክ ግን አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ሞተሩን በድምፁ የሚያውቀው መካኒክ፣ ከጥጥ ማዳመጫው እስከ ሽመናው ያለውን ሥራ በእጇ የምታነበው ሠራተኛ አማካይ ነጥባቸው ስንት እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ ሀገር ግን በእነርሱ ቆማለች። ይህን ስንል የትምህርትን ዋጋ ማሳነሳችን አይደለም፤ ትምህርት ለሁሉም በእኩል ሚዛን እንዲደርስ መጠየቃችን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የአንድ ወላጅ ጥያቄ ቢሮ በር ላይ ይቀራል፤ የአንድ ቀበሌ ጥያቄ ግን መልስ ያገኛል።

ተማሪው ይማር፤ ይመዘንም። ሚዛኑም በሕዝብ ፊት ይመዘን!